አንቀጽ ሰባትና የሁስቢ ድምፅ

በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የኮራሁበትም በጣም ያፈርኩበትም አንድ አንቀጽ ነው። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ ሰባተኛው ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «ሁስቢ የእድሩ ዋና መቀመጫ በመሆኑ የሁሉም አባላት የጋራ ነው፤ ስለዚህም ለብቻው ተወካይ አይኖረውም።» ጽፌ ስጨርስ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥሩ አንቀጽ ሳይ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ያን ጊዜ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ስቶክሆልም የሆነ ነው። እኔ ሶልና የሚባል ሰፈር እኖር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከነአልጋው እየገፋሁ ከክፍል ክፍል አደርሳለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ከሁለቱ በየትኛው ደረቴን እነፋ እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እድሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነበር። አብዛኛው ሰው ወላጆቹንና ወንድም እህቶቹን አገር ቤት ትቶ የመጣ ስለሆነ መርዶ በየጊዜው ይመጣል። ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ስድሳ ሰው ለቅሶ ቢቀመጥ የስዊድን ጎረቤት ምን እንደሚል የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ከከተማው በስተሰሜን ሁስቢ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሥር ምድር ቤት ተከራየን። ሁላችንም በስዊድንኛው «ሎካል» እንለው ነበር። መስኮት የለውም፣ ከጎኑ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስላለ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ግን ይሞቃል፣ በሩም የራሳችን ነው።

ደንቡን ስጽፍ የኮሚቴውን ድምፅ እንዲህ አከፋፈልኩት። ሶልና ሁለት ተወካይ፣ መሃል ከተማ ሁለት ተወካይ፣ ሰብሳቢው አንድ፤ ጠቅላላ አምስት ድምፅ። በስተደቡብ ባቡሩ የሚያልቅበት ሃግሴትራ ያሉት ሰዎች መጨረሻ ላይ ስለገቡ «ታዛቢ» ይልካሉ አልኩ። ታዛቢው ይናገራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ድምፅ አይሰጥም። ሁስቢ ደግሞ የሁሉም ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ከሶልና ሁለት ተወካዮች አንዱ እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር አንቀጹን ያስጻፈኝ ፍርሃት ነበር። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት ሁስቢ ነው፤ ሎካሉም በራቸው ላይ ነው። ድምፅ ከሰጠናቸው እድሩን ጠቅልለው ይወስዱታል ብዬ ሰጋሁ፤ ስጋቴንም በሕግ ቋንቋ ሸፈንኩት። ሰውም አጨበጨበልኝ። የሁስቢ ሰዎችም አብረው አጨበጨቡ፤ «የሁሉም ነው» ሲባል ክብር የተሰጣቸው መስሏቸው ነበር። ማክበሩስ ማክበር ነው፣ ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆኖ ቀረ። በሩን የሚከፍቱት እነሱ፣ ወለሉን የሚወለውሉት እነሱ፣ ለቅሶ ሲሆን ወንበር የሚደረድሩት እነሱ፣ ሲወሰን ግን የማይጠየቁት እነሱ።

የሎካሉን ቁልፍ የምትይዘው አንዲት የወሎ ሴት ነበረች። ሥራዋ እዚያ አገር «ሄምሼንስት» የሚሉት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች የስዊድን አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም በስብሰባ ላይ እርስዎ ስንባባል ቆይተን ከስብሰባ ውጭም ልማዱ ሳይለቀን ቀረ፤ እኔ «እትዬ» እላታለሁ፣ እሷ «ጸሐፊው» ትለኛለች። ብዙ አትናገርም። ስትናገር ግን ሰው ሻዩን ያስቀምጣል።

እናቷ አብረዋት ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። ከስዊድንኛ «ታክ» ከምትለዋ ምስጋና በቀር አንድ ቃል አያውቁም፣ እሷን ግን ለሁሉም ነገር ይጠቀሙባታል። ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ከስድስተኛው ፎቅ በአሳንሰር ብቻቸውን ይወርዱና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ሎካሉ ይመጣሉ። ከአሳንሰሩ እስከ ሎካሉ በር አርባ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥረውታል። እዚያ ማሞቂያው አጠገብ ክንድ ማሳረፊያ ያላት የእንጨት ወንበር ነበረቻቸው። አንድ ስዊድናዊ ቤት ሲለቅ ደጅ የጣላት ናት። እሷ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከሥራ የሚመለስ ይገባል፣ ሥራ ያጣ ይገባል፣ ልጅ ያዘለች እናት ትገባለች፤ እሳቸውም ሁሉንም በእርምጃው ያውቁታል። ልጃቸው አንድ ቀን እንደነገረችኝ፣ ከሎካሉ በፊት አሮጊቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የማያዩት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር የኖሩት። አፋቸው ከመዘጋቱ ብዛት ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር አለች።

ከመሬት ሥር የሚሄደው ባቡር ውስጥ አይገቡም። አንድ ጊዜ ብቻ የሁስቢ ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አፋፍ ላይ ቆመው፣ ከታች የሚወጣው ነፋስ ፊታቸውን ሲመታቸው፣ «ሰው ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ሲሞት ነው» ብለው ዞሩ። ሐኪሙም ገበያውም እዚያው ሰፈር ስለሆነ ማንም አላስገደዳቸውም።

እንግዲህ በአንድ የምርጫ ዓመት በስዊድን በጋ ላይ ሶልና ውስጥ ጥሩ ቤት ተገኘ። መሬት ላይ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ከባቡር ጣቢያው የማይርቅ፤ ከእኔ ቤት ደግሞ በእግር አምስት ደቂቃ። የሁስቢው ውል በሚመጣው ፀደይ ያልቃል። ኮሚቴው ተሰብስቦ እንልቀቅ ወይስ አንልቀቅ ብሎ ሊወስን ነው። ወሬው ሁስቢ ደርሶ ኖሮ ሴትየዋ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ስብሰባው ላይ ቆመች። ረጅም ንግግር አላደረገችም። ስለ ሎካሉ ከመወሰናችሁ በፊት እዚያ ለምንኖረው ድምፅ ስጡን አለች።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የመሃል ከተማ ሽማግሌ ነበሩ፤ ደግ ሰው፣ ጭቅጭቅ የማይወዱ። መናገር እንደምትችል ነገሯትና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደንቡን ገልጬ አንቀጽ ሰባትን አነበብኩላት፤ ያውም እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አሳምሬ። እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ግን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያነበብኩት ነገር ነበረኝ፣ ያወቀ ሰው ደግሞ ሳይናገር ማደር አይችልም። የአሜሪካ ዋና ከተማ ነዋሪ በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ እንደሌለው፣ ከተማዋ የመላው አገር እንጂ የማንም ክፍለ ግዛት እንዳትሆን ተብሎ እንደሆነ፣ በባሕር ማዶ ያሉ ደሴቶቿም ልክ እንደ ሃግሴትራ ተናጋሪ እንጂ ድምፅ ሰጪ እንደማይልኩ ዘረዘርኩላቸው። ይህን ያህል ትልቅ አገር ያደረገውን እኛ ብናደርግ ምን ነውር አለው አልኩ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ታዲያ ደስ ብሏቸዋል?» አለች።

እሱን አላነበብኩም አልኩ። ዋሸሁ። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ነዋሪዎቹ ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት እንደኖሩ ተጽፏል፤ እኔ ለክርክሬ ስለማይመች ዘልዬው ነበር። ሰብሳቢው ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አስተላለፉትና ተበተንን።

መስከረም ላይ የስዊድን ምርጫ ሆነ። እኔ ዜግነት ወስጄ ስለነበር ሦስት ወረቀት ይደርሰኛል፤ ቢጫው ለአገሪቱ ፓርላማ፣ ነጩ እነሱ ኮሙን ለሚሉት የከተማ አስተዳደር፣ ሰማያዊው ለአውራጃው ምክር ቤት። ዜጋ ያልሆነ ግን ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ነጩንና ሰማያዊውን ያገኛል፣ ቢጫውን አያገኝም። ጠዋት ሶልና ሦስቱንም አስገብቼ፣ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ረስቼ ነበርና ልወስድ ሁስቢ ሄድኩ። ከሕንፃው በር ላይ እናትና ልጅ ሲወጡ አገኘኋቸው። አሮጊቷ ለዒድ የሚለብሱትን ለብሰው ነጭ ሻሽ አስረዋል። ትምህርት ቤቱ ድረስ መንገዱ አቀበት ስለሆነ አንድ ክንዳቸውን እኔ ያዝኩ።

የምርጫ ጣቢያው የተማሪዎች ስፖርት መሥሪያ አዳራሽ ነው፣ የጎማ ጫማ ይሸታል። ጠረጴዛው ጋ መነጽር ያደረገች ሴት ካርዳቸውን ተቀብላ ስማቸውን ጮክ ብላ አነበበች። አሮጊቷ ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ እርስዎ ነዎት ወይ እያለች ነው ስትላቸው ልጃቸው፣ «እኔ ነኝ በያት» አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ከመከለያው ኋላ ረዳት ይዘው መግባት እንደሚችሉ ተነገራቸው፤ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ሲመለሱ ፖስታቸውን ራሳቸው አቀበሉ። ባለመነጽሯ ሴት ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ድጋሚ ስማቸውን ጠራችና ድምፃቸውን መስጠታቸውን ተናገረች። ይህም ተተረጎመላቸው። አሮጊቷ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም፤ ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፣ ሰልፉም ጠበቀ።

«በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል» አሉ። ከዚያ ለሴትየዋ «ታክ» ብለው ወጡ።

ደጅ ላይ ልቀልድ ብዬ ልጅቷን፣ እኔ ሦስት እናንተ ሁለት፣ አንድ ትጎድላላችሁ አልኳት። አልሳቀችም። አልተቆጣችምም።

«የጎደለችውን አንዷን ዜግነት ስወስድ አገኛታለሁ» አለች። «የማያውቀኝ የስዊድን ሰው እዚህ ስለምኖር ብቻ ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። የእናንተ እድር ግን የከለከለኝ እዚህ ስለምኖር ነው።»

ማኅተሙን ሳልወስድ ተመለስኩ። ባቡር ውስጥ መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ፤ እንግዲህ ሴትዮዋ ነገር ታውቃለች፣ ውለታ አታውቅም ምናምን አልኩ። ኪስታ ጣቢያ ስንደርስ ንዴቱ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ሶልና ስወርድ የሚቀረኝ ሰው ራሴ ብቻ ነበርኩ። ያን ሳምንት በሽተኛ ስገፋ አንዴ የማላውቀው ክፍል ወስጄ አቆምኩት።

አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ ነኝና የሚነቅለውንም ሐሳብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢው እንደፈራሁት አልተቃወሙም፤ የሁስቢ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል፣ ሁለት ድምፅ እንስጣቸውና ይረፉ አሉ። ሃግሴትራ ግን ለሚመጣው ዓመት ይቆይ፣ ሁሉም በአንዴ አይሆንም። እኔም የምሥራች ይዤ እንደሚሄድ ሰው እየተጣደፍኩ ሁስቢ ሄድኩ። ሴትየዋ የሎካሉን ወለል ስትወለውል ደረስኩ። አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል።

«ሃግሴትራስ?» አለች ሰምታኝ ስትጨርስ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሂሳቡን ነገርኳት። ሁስቢ ሁለት ድምፅ ካገኘ ጠቅላላው ሰባት ይሆናል። ከመሃል ከተማ አንደኛው ተወካይ ሎካሉ ባይነሳ ይመርጣል፤ አንድ ሌላ ሰው ከተገኘ አራት ለሦስት ታሸንፋለች። ሌላው ሰው ማን እንደሚሆን አልነገርኳትም። ሃግሴትራ ከገባ ግን አለቀ፤ ለእነሱ ሶልና ይቀርባቸዋል።

«አውቃለሁ» አለች። የሃግሴትራው ታዛቢ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስልክ ደውሎ ነግሯታል። ልጆቹን ይዞ ከከተማው ጫፍ እስከ ከተማው ጫፍ ሁለት ባቡር እየቀየረ እንደሚመጣ፣ ድምፅ ካገኘ ለሶልና እንደሚሰጥ፣ ይህን ደብቆ የእሷን ድጋፍ መቀበል እንደማይፈልግ ነግሯታል።

ታዲያ ምን ያስቸግርዎታል ልላት ስል ቀደመችኝ። «ለእኔ የሚያጨበጭብልኝን እየመረጥኩ የማስገባ ከሆነ፣ እኔም አንቀጽ ሰባት ጻፍኩ ማለት ነው። ሃግሴትራ ካልገባ ሁስቢም አይገባም። እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»

እናትዎስ አልኳት። መወልወያውን አቆመች። አሮጊቷን አየች፣ ከዚያ ወለሉን። እሳቸውን አያንሱብኝ አለች። ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ መላልሳ ወለወለችው። እኔ እዚያ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያከበርኩት ሰው የለም፣ እንደዚያ የተናደድኩበትም የለም።

ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር ላይ ሆነ፤ ሎካሉ ጢም አለ። እጅ በማውጣት ይወሰን ሲባል እሷ ወረቀት ጠየቀች፣ መከለያም ጠየቀች። አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ምን የሚደበቅ ነገር አለን አሉ።

«የሚደበቅ የለም አባቴ» አለች። «የሚፈራ ግን አለ።»

የትልቅ ማቀዝቀዣ ካርቶን ተገኘና ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ሰው አንድ በአንድ እየገባ ጽፎ ወጣ። አንዳንዱ መጀመሪያ እየሳቀ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ኮስተር ብሎ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ነው። አንቀጽ ሰባት በብዙ ድምፅ ተሻረ። ሁስቢም ሃግሴትራም ሁለት ሁለት ተወካይ አገኙ። ሁስቢ እሷንና አንድ ጎረቤቷን መረጠ፤ ሃግሴትራ አውቶቡስ ነጂውንና ሚስቱን። ሎካሉ በእልልታ ሲሞላ አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው ከሁሉ አስረዝመው እልል አሉ።

የሎካሉ ጉዳይ የካቲት ላይ ለኮሚቴው ቀረበ። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ወረቀት፣ ያው ካርቶን። ተራዬ ደርሶ ከኋላው ስቆም በአንድ ወገን በአምስት ደቂቃ በእግሬ የምደርስበት ባለ መስኮት ቤት ታየኝ፣ በሌላው ወገን አርባ አንድ እርምጃ። «ሁስቢ» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ ነጂው ከጎኔ ሆኖ ያያል። ሶልና አምስት፣ ሁስቢ አራት። ሁሉም ሰው በሆዱ አንድ ዓይነት ሂሳብ እየሠራ ነበር። የሃግሴትራ ሁለት ድምፅ ባይኖር ኖሮ ሁስቢ አራት ለሦስት ያሸንፍ ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አውቶቡስ ነጂው አንገቱን ደፋ።

«ይመዝገብ» አለች።

መዘገብኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ቁልፉን ልትሰጠኝ ወደ እኔ መጣች። እኔን ከተቃራኒው ወገን እንደምትቆጥረኝ አልተጠራጠርኩም፤ የሶልና ሰው ነኝ፣ አንቀጽ ሰባትን የጻፍኩ ነኝ። አንዷ ወረቀት የእኔ እንደነበረች እንድታውቅ እንዴት እንደፈለግኩ! አመስግኑኝ ባይ ልብ አለኝ፣ አልክድም። «እትዬ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

እጅዋን አነሳች። «አይንገሩኝ። ካርቶኑን ያቆምነው ለዚህ አይደል?»

ለብዙ ዓመት ከነከነኝ። ዛሬ ይኸው ጽፌዋለሁ፤ ብታነበው እንዳትቆጣኝ።

የሁስቢን ሎካል የለቀቅነው ሚያዝያ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። ወንበር ተደራረበ፣ ምንጣፍ ተጠቀለለ፣ ሳህንና ብርጭቆ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተጫነ። ሁሉም ነገር ወጥቶ አንድ ወንበር ቀረ፤ አሮጊቷ ተቀምጠውበታል። ልጃቸው ደረጃው ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ማንም ተነሱ ሊላቸው አልደፈረም። በባዶው ክፍል ውስጥ የጎረቤቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ብቻ ይሰማል።

«ጸሐፊው አለ ወይ?» አሉ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አለሁ እማማ አልኩ።

«ይሄ ነገር ሲወሰን ልጄን ጠይቃችኋታል?»

«ጠይቀናታል እማማ። ድምፅ ሰጥታለች።»

«እንደ ትምህርት ቤቱ፣ በወረቀት?»

«በወረቀት።»

«ተሸነፈች።»

«በአንድ ድምፅ ነው እማማ።»

እጃቸው የወንበሩን ክንድ ወደ ላይ ወደ ታች ይዳስሳል። ከዚያ ሁለቱን ክንዶች ተደግፈው ራሳቸው ተነሱ። «እንግዲያ ውሰዱት» አሉ።

ወንበሩን መኪና ላይ ይጭኑብኛል ብዬ ፈርቼ በእጄ ያዝኩት። ባቡር ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላውን ጭኔ ላይ አቀፍኩ። ከፊት ለፊቴ የነበረው ስዊድናዊ አንድ ጊዜ አየኝና ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። አዲሱ ቤት ስደርስ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያው ስብሰባ ሲሆን ማንም እንዳይቀመጥበት ተቆጣሁ፤ ሰዎቹ ባሕሪው ነው ብለው ተዉኝ። ባዶውን እንደሚውል አውቄ ነበር። እንዲያው እንዲታይ ፈልጌ ነው።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተና እናትና ልጅ ገቡ። አሮጊቷ ለዒድ የሚለብሱትን ለብሰዋል። የልጃቸውን ትከሻ የጨበጡበት እጅ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል፤ ግንባራቸው በላብ ወዝቷል። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አውቶቡስ ነጂው ከሁሉ ቀድሞ ነው የተነሳው።

«ጉድጓዱን ወረድኩት» አሉ አሮጊቷ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። «ልጄ የተጠየቀችበት ቤት የእኔም ቤት ነው።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ደግሞ እጃቸውን ይዤ ወደ ወንበራቸው ልወስዳቸው ተጠጋሁ። ተዉኝ አሉኝ። መዳፋቸውን አዲሱ ግድግዳ ላይ አሳረፉ፤ ከበሩ ጀመሩና ቀስ እያሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሄዱ። ወንበሩ ክንድ ላይ እጃቸው ሲያርፍ ቆሙ።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉና ተቀመጡ።